«ጠፍቷል» ስትል የሰማሁ ዕለት

ሰኞ ጠዋት፣ ከሱቁ

ሚጡዬ፣ የኔ ዓለም፣

ሰላምታውን ቆይቼ አቀርብልሻለሁ፤ መጀመሪያ ልተንፍስ። አባትሽ ደህና ነው። ይህን ያስቀደምኩት እንደ እኔ ክው እንዳትዪ ነው። እኔማ ከትናንት ጀምሮ ልቤ ወደ ቦታው አልተመለሰም።

ባለፈው ስትመጪ በሱቁ መብራት የተነሳ እንዴት እንደተኳረፋችሁ አትረሺውም። አንቺ «በመስኮቱ በኩል ቀን መብራት ምን ይሠራል? የቀዝቃዛው ክፍል በር ጎማም አልቋል፤ ቅዝቃዜው እየወጣ ሞተሩ እረፍት አጣ» ስትዪው፣ እሱ ደግሞ «ሱቅ ካልደመቀ ማን ይገባል? ሱቄን መቃብር ልታስመስዪው ነው?» ብሎ ጮኸብሽ። ከዚያ ወዲህ ስትደውዪ ስልኩን ለእኔ ወርውሮ ይወጣል። በሁለታችሁ መሀል ስመላለስ አለቅሁ እኮ! ግትርነቱን ከማን እንደወረስሽው መቼም አይጠፋሽም።

ትናንት ከሰዓት ዘንቢሌን ይዤ ስገባ የአባትሽ ወንበር ባዶ ነው። ገንዘብ ተቀባያችን ከወደ ጓዳ «ጋሼ! ጠፍቷል!» ስትል ሰማሁ። «መቼ?» አልኳት። «አሁን!» አለችኝ። በቃ! እሷን የምታህል ሰው አክባሪ አባትሽን «ጠፍቷል» እንደማትል፣ «ጠፍተዋል» እንደምትል እንኳ ልብ አላልኩም። በድንጋጤ ውስጥ አንቱታውን ማን ይሰማል! ዘንቢሉን ጥዬ «የሰው ያለህ!» እያልኩ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ልጅቷም ተከትላኝ እየሮጠች «መብራቱን ነው እኮ ያልኩት፣ እትዬ! የቀዝቃዛውን ክፍል መብራት!» ትላለች።

«ታዲያ እሱስ የታለ?»

«ውስጥ ናቸው። አጥፊና በሩን ዝጊብኝ ብለውኝ...»

ሚጡዬ፣ የዚያ በር እጀታ ከውስጥ ከተሰበረ ቆይቷል! እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም፤ እግሬ መሬት አልነካም። አባትሽ በሩን ይደበድባል። ስንከፍተው ጥርሱ እየተንገጫገጨ ወጣ። እኔ ልጮህበት አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «አየሁት! ጨለማ ውስጥ ቆሜ አየሁት! ከታች በጎማው ሥር ብርሃን ይገባል። ብርሃን የሚያስገባ ቅዝቃዜም ያስወጣል። ልጄ ልክ ናት!»

ልጄ ልክ ናት! ከአባትሽ አፍ! የቱ የበለጠ እንዳስደነገጠኝ እስካሁን አላውቅም። ይህ ሰው በረዶ ቤት ገብቶ ነው እንዴ ልቡ የቀለጠው? ለካስ እኔ ገበያ በወጣሁ ቁጥር በመስኮቱ በኩል ያለውን መብራት ቀን ቀን ሲያጠፋ ከርሟል። ደንበኛም አልቀረብንም። ገንዘብ ተቀባያችንን ለማንም እንዳትናገሪ ብሏት ኖሯል።

አሁን ብርድ ልብስ ተከናንቦ አጠገቤ ተቀምጧል፤ የማላየው መስሎት ወረቀቱን አጮልቆ ያነባል። እጀታውን ዛሬ ጠዋት አሠርቼዋለሁ። ጎማውን ግን በጨርቅ ወትፎ «ሌላ ሰው አይነካውም፤ እሷ ራሷ መጥታ ታሳየን በያት» ብሏል። ፍሪጅ ጠጋኙ ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤታችን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ አባትሽም ያውቃል። እኔም ያለኝን እንዳለ ጻፍኩልሽ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልኝ፣ በሰላም ያግባልኝ።

እናትሽ