የዋጠው እንዲረጋለት

ሰኞ

ዛሬም አልረጋለትም። ሁለት ጉንጭ ውሃ ብቻ ነበር። ሙሉቀን ሲያስመልሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ይህን ያህል ዘመን በትዳር ኖረን ከእኔ እንኳ ያፍራል። ከሰዓት በኋላ በአፍንጫው ቀጭን ጎማ አስገብተው የተጠራቀመውን ቀዱለት፤ ትንሽ ተነፈሰ።

ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል የመጣነው ባለፈው ሳምንት ነው። የጨጓራ መድኃኒት ሲውጥ ከርሞ፣ አንድ ቀን ዳንግላ መናኸሪያ ሰው እንደ ጫነ ወርዶ ከሚኒባሱ ጀርባ ጎንበስ አለ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም።

ካንሰር ነው። የጨጓራውን መውጫ ዘግቶታል፤ ጉበቱም ጋ ደርሷል። ይህን የነገሩን ኮሪደር ላይ ነው፣ ለእኔና ለታላቅ ወንድሙ ለጋሼ ደሳለኝ። ጋሼ ወዲያው፣ «እሱ እንዳይሰማ! ከሰማ ዛሬውኑ ይሞትብናል» አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ሙሌ አሁንም ጨጓራ ብቻ ይመስለዋል።

ማክሰኞ

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፤ ግን አትቸኩልም። ካንሰሩን የሚያጠፋ ነገር የለም፣ ምግብ እንዲያልፍለት ግን ሁለት አማራጭ አለ አለችን። አንደኛው ቀዶ ሕክምና ነው፤ የተዘጋውን ትቶ ጨጓራውን በሌላ በኩል ከአንጀቱ ጋር ማገናኘት። ማገገሙ ይረዝማል፤ ከተሳካ ግን ብዙ ሊያቆየው ይችላል። በሁለተኛው ሆዱ አይከፈትም። በአፉ በሚገባ መሣሪያ የሽቦ መረብ ያስቀምጡለትና የተዘጋውን ይከፍትለታል። ቶሎ ይበላል፣ ቶሎ ቤቱ ይገባል፤ ግን ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል።

«ቀዶ ሕክምናው ይሁን» አልኩ። ጋሼም ተስማሙ።

«እሳቸውስ ምን ይላሉ?» አለች።

«ገና አልነገርነውም» አልኳት።

«ከሁሉ የከበዳቸው ምንድን ነው? ምን ማድረግ ይፈልጋሉ? ይህን ሳላውቅ የቱ እንደሚሻላቸው እኔም አላውቅም።»

ረቡዕ

ነገርኩት።

ጋሼ መድኃኒት ሊገዙ እንደ ወጡ እሱ ራሱ ጀመረው። «ምንድን ነው የምትደብቁኝ?» አለኝ በአዊኛ፣ የጎን አልጋዎቹ እንዳይሰሙ። እኔ ግን ቃሉ በአዊኛ አልመጣልኝም። በአማርኛ «ካንሰር» አልኩት፤ ሁሉም ሰሙ።

አልጮኸም። የብርድ ልብሱን ጫፍ ሲያጥፍ ሲዘረጋ ቆየ። «ጠርጥሬ ነበር። ስትገቡ ስትወጡ ዓይናችሁ ያስታውቃል።» ከዚያ ተቆጣ፣ በበሽታው ሳይሆን በእኛ። «በገዛ ሆዴ ጉዳይ ኮሪደር ላይ ትመካከራላችሁ?»

አለቀስኩ።

ሐሙስ

ዶክተሯ ሁለቱንም ለራሱ አስረዳችው። «ገባኝ፤ አንዱ ተለዋጭ መንገድ መሥራት ነው፣ አንዱ የተደረመሰውን መጥረግ» አላት፤ ሳቀች። የሹፌር ነገር።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት። «በየትኛው ነው ቶሎ ጫግኒ የምደርሰው?»

ልጃችን ፍቅርተ ጫግኒ ነው ያገባችው፤ በቅርቡ ወልዳለች። እሱ ሕፃኑን አላየውም። ሥራ በዝቶበት ይመስለኝ ነበር። ለካ አማቾቹ ምግብ ሲያቀርቡለት እምቢ ማለትም፣ በልቶ ፊታቸው ማስመለስም ጨንቆት ነው!

የሽቦ መረቡን መረጠ።

«ሙሌ፣ ያኛው እኮ ዕድሜ ይሰጥሃል» አልኩት።

«ሊሰጥ ይችላል ነው ያለችው። እሱንስ እዚሁ አልጋ ላይ ልጨርሰው?»

ጋሼ ስለ ነገርኩት ተቀይመውኛል፤ ምሳ ላይ አላነጋገሩኝም። የእኔም ልብ ገና ቀዶ ሕክምናው ጋ ነው። እዚህ እጽፈዋለሁ እንጂ ለማንም አልናገርም።

ዓርብ

መረቡ ገባለት። እሱም በሰላም ወጣ። ውጭ ስንጠብቅ ጋሼ ዳቧቸውን ቆርሰው ምንም ሳይሉ እጄ ላይ አኖሩልኝ። ታረቅን መሰለኝ።

ቅዳሜ

ውሃ፦ አለፈ።
ቀጭን አጥሚት፦ አለፈ።
ሾርባ፦ ትንሽ ቆረጠው፣ ግን አለፈ።

ሁላችንም አፉን እያየን ነበር። «ሲኒማ ነኝ እንዴ?» አለ። ተመስገን ነው።

ሰኞ

እንጅባራ ገባን። ብርዱ እንኳ ናፍቆኝ ነበር። ዶክተሯ እንዳዘዘችው ትንሽ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ በደንብ ታኝኮ። ማስመለሱ ከተመለሰ ሳንውል ሳናድር እንድናመጣው።

ጎረቤት ሊጠይቅ መጣ። አንዷ ዶሮ ወጥ ይዛ፣ «ጨጓራ ነው አሉኝ» ስትለው፣ «አይ፣ ካንሰር ነው» አላት። ቀጥሎ ስለ ድንቿ ጠየቃት፤ ውርጭ መትቶት እንደሆነ። ጋሼ ተነሥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

ማክሰኞ

ጥቂት ማንኪያ ገንፎ ቀምሶ ገፋው። ተናደድኩ። አንድ ጨምር፣ ስለ እናትህ አልኩት።

«አንቺን ለማስደሰት አልበላም። ሲያሰኘኝ እበላለሁ፤ አሁን ደስ ብሎኝ ነው የተውኩት።»

ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆየሁ። እውነቱን ነው። ቢሆንም ከብዶኛል።

ረቡዕ

ነገ ጫግኒ እንሄዳለን። ሚኒባሱን ሙሌ የቀጠረው ሹፌር ይነዳል፤ እሱ ጋቢና ይቀመጣል። መንገድ ላይ ቢያስመልስህስ ስለው፣ «መኪና ይቆማል እኮ» አለኝ።

ሸሚዙን ተኮስኩለት፤ በጣም ሰፍቶታል። ቀዶ ሕክምናው ይሻል ነበር ይሆን? አላውቅም። መረቡ እስከ መቼ ክፍት እንደሚቆይም የሚያውቅ የለም።

አሁን ፍቅርተ ደወለች። «እማዬ፣ ለአባባ ምን ልሥራለት?» ገንፎ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩትና ስልኩን ሰጠሁት። ራሱ ይንገራት።