ሁለት ስታማቲስ በአንድ ሽቦ

ቮሎስ፣ የልጆቹ የስም በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን

ይድረስ ለእናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የደሴቱ እርጥበት እንደማይስማማው አውቃለሁ፤ አንቺ ግን ስትጠየቂ «ደህና ነው» ከማለት ሌላ መልስ የለሽም። አክስቴን ሳሉ ለቀቃት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። «ሁላችንም» ብዬ ስጽፍልሽ ካኮረፍሽን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሳትቸኩይ አንብቢው።

«ሁለታችሁ በአንድ ጠረጴዛ እስክትበሉ የማንኛችሁንም ስልክ አላነሣም» ብለሽ ወደ ስኮፔሎስ ከተሻገርሽ ዐሥር ወር ሞላ። ቃልሽን ጠብቀሻል። ትናንት አራት ጊዜ ተደወለልሽ፤ ሁለቱን እኔ፣ ሁለቱን ወንድሜ ዚሲስ፣ በአንድ ስልክ። ስላላነሣሽ ወረቀት ያዝኩ።

አስቀድሜ የዋሸሁሽን ልናገር። አባባ የተከለውን ወይን በሽታ መታው ብዬሽ ነበር። በሽታው እኔ ነኝ። ግንዱ በእኔ መስኮት ፊት ያልፋል፣ ዘለላው ዚሲስ በረንዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ተርብ ብቻ ነበር። ትንሽ ልከርክመው ብዬ መጋዝ አነሣሁ። መጋዝ የያዘ እጅ ትንሽ የሚባል ነገር አያውቅም። ዚሲስ ከላይ አይቶኝ «የአባባን እጅ ቆረጥከው» አለኝ። እኔም ስለ ሚስቱ የማይባል ነገር ተናገርኩ። የቀረውን ታውቂዋለሽ። ዐሥራ አራት ወር አንድ ደረጃ እየወጣንና እየወረድን ግድግዳ እያየን ተላለፍን።

ቤትሽን ቆልፈሽ ስትሄጂ መብራቱን ሁሉ አጠፋሽ፤ ከቅዱስ ኒኮላዎስ ሥዕል ሥር ያለውን የኢንተርኔቱን ሣጥን ግን እንደበራ ተውሽው። ረስታው ነው አልኩ። ከዚያ ሣጥን አንዱ ሽቦ ወደ እኔ ፎቅ ይወጣል፣ ሌላው እኔን አልፎ ወደ ዚሲስ ይሄዳል። ስንጣላ ምድጃውን ለየን፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ለየን፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን እንኳን ለየን። ሽቦውን መለየት ግን ማንም ትዝ አላለው።

የልጆቹን ኮምፒውተሮች ከወንበሬ ሳልነሣ እንደምቆጣጠር ታስታውሻለሽ፤ «ልጆቹን እንደ ከተማው የውኃ ፓምፕ ያደርጋቸዋል» እያልሽ ለጎረቤት ታሚኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ዐሥራ አንድ ፓምፕ አስነሣለሁ፣ አጠፋለሁ። የልጆቹንም እንደዚያው። አፕዴታቸውን እጭናለሁ፣ ሰዓታቸው ሲደርስ እዘጋባቸዋለሁ፣ አንሰማም ሲሉ የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ መልእክት እጽፍባቸዋለሁ። ከሥራ ቦታዬም ሆኜ ይሆንልኛል።

ለአዲስ ዓመት ስጦታ አምጪው ቅዱስ ቫሲሊስ፣ በእኔ ገንዘብ፣ ለልጄ አዲስ ኮምፒውተር አመጣለት። ይኸው ቅዱስ ለካ በዚያው ሱቅ፣ በዚያው ቀን፣ ለዚሲስም ልጅ ያንኑ ዓይነት ገዝቶ ኖሯል። ማናችንም አላወቅንም። ኮምፒውተሩ አዲስ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠይቀው ስም ነው። ልጄ «ስታማቲስ» ብሎ ጻፈ። የላዩም ስታማቲስ «ስታማቲስ» ብሎ ጻፈ። ሌላ ምን ይጻፉ? ሁለታችንም የበኩር ልጃችንን በአባባ ስም ጠርተናል። ሰው «የላዩ» «የታቹ» እያለ ይለያቸዋል፤ ሽቦው ላይና ታች አያውቅም። አባባ «እናቴ መውለዱ ይቁምልኝ ብላ ‹አቁም› የሚል ስም አወጣችልኝ፤ ከእኔ በኋላ አራት ወለደች» ይል አልነበር? ስሙ ዛሬም ማቆም አላወቀበትም።

አንቺም የምትዪውን አልረሳሁም። «ሁለት ስታማቲስ ወለዳችሁ፤ የእኔን ስም የያዘችው የአባታችሁ ጀልባ ብቻ ነበረች፣ እሷንም መንግሥት ዓሣ አጥማጅ ሲቀንስ ወስዶ ሰባበራት።»

ያለፈው ሳምንት ረቡዕ፣ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የታቿ ምራትሽ ቫያ ሥራ ቦታ ደወለችልኝ። «ልጅህ ነገ የታሪክ ፈተና አለበት፤ እሱ ኳስ ጨዋታ ከፍቶ ተቀምጧል። ጠዋት ታናሹን ሉካስን ጥርሱን ሊያወልቀው ነበር፣ እስካሁን አልታረቁም። ወይ አንተ አንድ ነገር አድርግ፣ ወይ እኔ ኮምፒውተሩን በመስኮት እልከዋለሁ» አለች። «በመስኮት አትላኪው፣ ከዚህ ሆኜ እጨርሰዋለሁ» አልኳት።

በሽቦው ላይ ያሉትን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ከፈትኩ፤ አዲሱን ከሩቅ ሳዝ የመጀመሪያዬ ነበር። «ስታማቲስ» የሚለውን ነካሁ፣ የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። መጀመሪያ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «አባትህ ነኝ። ከዚህ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ። ጨዋታውን አቁም።» ከዚያ አፕዴቱን ጫንኩና ጠፍቶ እንዲነሣ አዘዝኩት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቫያ መልሳ ደወለች። «ምንድን ነው ያደረግኸው? አሁንማ ወንበር ላይ ወጥቶ ይጨፍራል! አሸነፍኩ ይላል!» አለች። ገረመኝ። ደግሜ ጻፍኩ፦ «የምሬን ነው። አንድ ጊዜ ነግሬሃለሁ።» ደግሜ አጥፍቼ አስነሣሁት። ቫያ ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል የልጁ ጩኸት በስልኩ ይሰማኝ ነበር። በሁለተኛውም አሸንፏል። አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ «ፓምፑ ነው ወይስ ልጁ?» አለኝ። ተናደድኩና የመጨረሻውን ጻፍኩ፦ «ያልታየህ መሰለህ? ከወንድምህ ጋር ሳትታረቅ እራት የለም።» ኮምፒውተሩን ጨርሶ ቆለፍኩት። ቫያ አልደወለችም። በራሴ ረክቼ ሻይ ጠጣሁ። ለካ እሷ ተስፋ ቆርጣ ኃይሉን ከግድግዳው ነቅላው ነው።

አንድ ሰዓት ላይ ቤት ስደርስ ዚሲስ ደረጃው ላይ፣ ከአንቺ በር ፊት ለፊት ተቀምጧል። የዳቦ ቤቱን ነጭ ሱሪ እንደለበሰ፣ የልጁን ኮምፒውተር ታቅፎ። ግድግዳውን ልይ አልኩ፤ ግድግዳውን ተደግፎት ነበር። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «ሙት ኮምፒውተር ይነካል?» አለኝ።

«የማን ሙት?» አልኩት።

«አባባ። ሦስት ዓመት ዝም ብሎኝ ዛሬ ጻፈልኝ። ጨዋታውን አቁም አለኝ።»

«አንተ ትጫወት ነበር እንዴ?»

ጆሮው ቀላ። ልጁ ቅርጫት ኳስ ልምምድ ሄዶ ነበር፤ «ደረጃው እንዳይወርድበት ቦታውን ልጠብቅለት ብዬ ነው» አለ። አርባ አራት ዓመቱ ነው እማዬ።

«ታዲያ አመንክ?» ስለው እንዲህ አለኝ፦ «መጀመሪያ አማተብኩ። ሁለተኛው ሲመጣ ተጠራጠርኩ፤ አባባ አንድ ነገር ሁለቴ ተናግሮ አያውቅም። ሦስተኛው ላይ ነቃሁ። ‹ሳትታረቅ እራት የለም› የእማዬ ነው። እማዬ ደግሞ ኮምፒውተር አትነካም። ያቺን ቃል የሚያውቅ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።»

«እኔ መሆኔን ካወቅህ ለምን ወረድክ?» አልኩት።

«እራት የለም አልከኝ፤ ርቦኛል» አለ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ሁለታችንም ወፍረናል። ስለ ወይኑ የምለውን ዐሥራ አራት ወር አዘጋጅቼ ነበር፤ አፌን ስከፍት የወጣው «አብዝቼ ቆረጥኩት» ብቻ ነው። ስለ ሚስቱ ያልኩትንም እንደማልደግመው ነገርኩት። «ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ንገራት» አለኝ፤ ነገርኳት፣ እሱን ከዚህ በታች ትሰሚያለሽ።

ኮምፒውተሩን ጉልበታችን ላይ አድርገን አየነው። ስሙ ከእኔ ልጅ ጋር አንድ ስለሆነ ትእዛዜ ሁሉ ወደ ላይ ሲወጣ ውሏል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። «ስሙ አንድ መሆኑ ብቻውን አያስገባኝም፤ የይለፍ ቃሉም አንድ መሆን አለበት። ያንተ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ላንተ? ሞቼ እገኛለሁ!» አለ።

እኔም የእኔን ልነግረው አልወደድኩም። በመጨረሻ ከኪሱ የዳቦ ከረጢት አውጥቶ ለሁለት ቀደደው። እንደ ልጅነታችን ጀርባ ለጀርባ ዞረን ጻፍንና እስከ ሦስት ቆጥረን ገለበጥነው። በሁለቱም ላይ ከአባባ ጀልባ አፍንጫ ላይ የነበረው ጽሑፍ ነበር። ስምሽም፣ ቁጥሯም። አባባ በየፋሲካው በሰማያዊ ቀለም የሚያድሰው።

ሳቃችን ሰፈሩን ሰበሰበው። ቫያ ማማሰያ ይዛ ወጣች፣ የተደባደብን መስሏት። የእኔ ስታማቲስ ተከተላት፤ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀው «አራት ለዜሮ ያገባሁት አጎቴ ላይ ነው?» ብሎ ነው። የላዩ ስታማቲስ በዚህ መሐል ከልምምድ ገባ፤ ወደ አባቱ ዞሮ «አራት ለዜሮ? በእኔ ስም?» አለ። ዚሲስ «ኮምፒውተሩ ጠፍቶብኝ ነው» ቢል ማን ይስማው። «ከመጥፋቱ በፊት ሦስት ነበር» አለው የእኔው።

ያኔ ነው የወጣው። ሁለቱ ልጆች ዐሥራ አራቱን ወር በሙሉ በየቀኑ በዚያ ሽቦ አብረው ሲጫወቱ ነበር። እኛ ደረጃው ላይ ስንገላመጥ እነሱ ከጭንቅላታችን በላይ ኳስ ይቀባበላሉ። «ማን ፈቀደላችሁ?» ብለን እኩል ጮኽን። «አያታችን ታውቃለች» አሉ፣ እነሱም እኩል። ስለዚህ ሣጥኑን ረስታው ነው ያልኩትን መልሼ ውጫለሁ።

የላይዋ ምራትሽ አሲሚና ድምፅ ሰምታ ወረደች፤ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ፣ ቀስ ብላ። የበደልኳትን ቃል አነሣሁና ይቅርታ ጠየቅኋት። «እኔ እንኳን ረስቼዋለሁ» አለችና ቃል በቃል ደገመችልኝ። ቫያ ጺፑሮ አረቄ አምጥታ ለሁሉም ቀዳች። አሲሚና ብርጭቆውን በእጇ መለሰች። ቫያ አየቻት፤ ምንም ሳትጠይቅ ከኩሽና ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻት፤ ትራስም ጨመረች። እኔ በዚያች ሰዓት ምንም አልገባኝም፤ ወንዶች ነገር ሲገባን በመጨረሻ ነው።

ኋላ ዚሲስ የከረጢቱን ቁራጭ እያገላበጠ «ይህን ቃል መቀየር ይኖርብናል» አለኝ። «ለምን? እስካሁን ማንም አልደረሰበትም» አልኩት። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ ምክንያቱን ነገረኝ። ምክንያቱን እንዳልጽፍልሽ ቫያ አስምላኛለች፤ አሲሚና በራሷ አፍ ልትነግርሽ ትፈልጋለች። እኔም መሐላዬን እጠብቃለሁ።

የሁለቱን ስታማቲስ የስም ቅዱስ በዓል በአንድ ጠረጴዛ አከበርን፤ ለቫያ ትተሽላት በሄድሽው ቁልፍ ከፍተን፣ በአንቺው ኩሽና። አምና ቄሱ ሁለት ፎቅ ወጥተው ሁለት ጊዜ ጣፋጭ በልተው ነበር፤ ዘንድሮ «እርቅ ደግ ነው፣ ግን አንድ ሳህን አጎደለብኝ» አሉ። የወይኑን ግንድ ፈልጠን ኦክቶፐስ ጠበስንበት። ዚሲስ ጭሱን እየማገ «ይኸው፣ አሁን ለሁለታችን እኩል ደረሰን» አለ። የአንቺን ወንበር ማንም አልተቀመጠበትም፤ ሉካስ ሊቀመጥ ሲል ሦስት ሰው ጮኸበት።

ለኮምፒውተሮቹም አዲስ ስም ሰጠናቸው፤ አንዱ «የላዩ»፣ አንዱ «የታቹ»። ልጆቹ አኩርፈዋል። አፕዴቱን ከእንግዲህ ለሁለቱም ቤት እኔ እጭናለሁ፤ ዚሲስም በለውጡ በየጠዋቱ ዳቦ በራችን ላይ ይሰቅላል። መልእክት ስጽፍ ግን ስሜን ከሥር እንዳልረሳ አስምሎኛል።

ያልሽው ተፈጽሟል። በአንድ ጠረጴዛ በልተናል፤ ምስክር ካስፈለገሽ ቄሱን ጠይቂ። ነፋሱ ከበረደና መርከቡ ከተነሣ ቅዳሜ ዚሲስ ሊወስድሽ ይመጣል። ሻንጣሽን ቀለል አድርጊው፤ ሹራብ መሥሪያ ክርሽን ግን አትርሺ። ነጭም ይሁን ሮዝ፣ የሳሳውን ዓይነት።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልን፣ ባሕሩንም ያለዝብልሽ፤ ለአክስቴም ጤና ይስጥልን። የአባባን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን።

አዲሱን የይለፍ ቃል አልነግርሽም። የድሮውን አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ፤ ምስጢርነቱ አብቅቷል። ከሰኔ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ደረጃው ላይ ሲጠራ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

የታቹ ልጅሽ

በእጄ ጨመርኩበት፦ አራት ለዜሮ ውሸት ነው፣ ሦስት ነበር።
የላዩ ልጅሽ