ለአምቡላንስ ፈቃድ ስለሚጠይቀው በርዎ

ለተከበሩ የጡረታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

በቅድሚያ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎም የጸና እንዲሆን ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ባለቤቴን ይዤ የመጣሁት፣ በሕይወት መኖሯን በአካል ቀርባ እንድታረጋግጥ ባዘዙን መሠረት ነበር። ሰልፍ ላይ እንዳለች ልቧን ታመመች። ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የመስኮቷ ሠራተኛ፣ ባለቤቴ በላብ ተጠምቃ መንጋጋዋንና ግራ ክንዷን ስትይዝ አይታ፣ «እማማ፣ ጨጓራ ነው፤ ወተት ይጠጡበት» በማለት በአንድ እይታ መርምራታለች። ሐኪሞቹ መሣሪያ አስፈልጓቸዋል፤ ውጤታቸውም ከእርሷ ጋር አልገጠመም። የልብ ደም ሥር ሲዘጋ ሕመሙ ደረት ላይ ብቻ እንደማይቀር፣ በተለይ ለሴቶች በማቅለሽለሽና በትንፋሽ ማጠር ሊጀምር እንደሚችል ለማያውቁ ሁሉ ይህን ጽፌያለሁ።

2ኛ. ደጋግ ባልደረቦችዎ «አየር ታግኝ» ብለው፣ ብብቷን ደግፈው ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ አመላለሷት። የታመመ ልብ የሚሻው ቁጭ ብሎ ማረፍን ነበር።

3ኛ. የጠራሁት አምቡላንስ በዘጠኝ ደቂቃ ደረሰ፤ በርዎ ላይ ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆመ። አርባ ዓመት በትምህርት ቤት ደወል የኖርኩ ነኝና ሰዓቱን ይዣለሁ። ጥበቃው «ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ መመሪያ ነው» ብሎ፣ መኪናው የመጣለት ባለጉዳይ የሚፈርምበትን የመግቢያ ቅጽ ወንበሯ ድረስ አመጣላት። ፈረመች። ፊርማዋ ከመስመሩ ወርዶ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አለቀ።

ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ ከልቧ ጡንቻ ገሚሱ ደም ሲጠብቅ ሞቷል። ዛሬ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ስለዚህ «በሕይወት አለች» እና «የለችም» ከሚሉት የቅጽዎ ሣጥኖች መካከል «በከፊል» የሚል እንዲጨመርልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሌላው ልመናዬ ቀላል ነው፤ በሩ ለአምቡላንስ ያለ ወረቀት ይከፈት፤ በየፎቁም አንድ ሰው የልብ ሕመም ምልክቶችን፣ ትንፋሹ ለቆመ ሰው ደግሞ ደረት መጫንን ይማር። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አስተማሪ ካጡ ባለሙያ ይዤ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ።

ትዕግሥትን አስተምሬ ከጨረስኩ በኋላ በርዎ ላይ እንደገና የተማርኩ፣
አክባሪዎ ጡረተኛ መምህር

ማሳሰቢያ፦ ትናንት አቤቱታ ላቀርብ መጥቼ፣ ደረጃውን ሲወጡ ሦስት ጊዜ ቆመው መንጋጋዎን ሲያሹ አየሁዎት። ጸሐፊዎ ጥርስ ነው አለችኝ። ሕመሙ የሚመጣው ደረጃ ሲወጡ፣ የሚለቀው ሲቆሙ ከሆነ ጥርስ አይደለም። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ደብዳቤዬን ሲመለሱ ያነቡታል።