በሚናስ ስም የተቆለፈው ፋይል

ደባርቅ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሠርካለም፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽና እኔ ቆመን እንሄዳለን። ብርዱ ዘንድሮ አልለቀቀንም።

ከናይሮቢ ሦስት ጊዜ የጻፍሽው ደርሶኛል። ዝም ያልኩሽ ሳላነበው ቀርቼ አይደለም። «የጊች መንደር ፋይል በሚናስ ስም እንደተቆለፈ ነው። እስከ ፋሲካ ካልከፈቱልኝ ጓደኞቼ መንደሩን ከምንሠራው የኮምፒውተር ጨዋታ ያወጡታል» ብለሻል። ሥራችሁ የሚቀመጥበት ሰርቨር ያለው በእኔ ሱቅ ነው፤ የቆለፈው ሰው ከሌለ ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም። ለፓርኩ ተብሎ መንደሩ ፈርሶ ከጊች ከተነሣን ወዲህ ቤታችን ያለው በዚያ ፋይል ብቻ መሆኑንም አልረሳሁም።

የመቆለፉን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጽሑፍ ቢሆን የሁለት ሰው እርማት አንድ ላይ ይገባል። መንደሩ ግን ትልቅ የምስል ፋይል ነው፤ ሁለት ሰው ከነካው የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋል። ስለዚህ የያዘው ይቆልፋል፣ ሲጨርስ ይከፍታል። ወንድምሽ ሚናስ ፋይሉን እንደቆለፈው መኪናው ሊማሊሞ ላይ ተገለበጠ።

አርባው ሳይወጣ የሟች ዕቃ አይነካም አልኩሽ። አርባው ወጣ። ሰማንያውም ወጣ። ትናንት እናትሽ ሱቅ ድረስ መጥታ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ልብሱን እንኳ ለድሃ ሰጥተናል፤ ይህን ምን አስታቀፈህ?» አለችኝ።

«አንቺ ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ልጄ አውቃለሁ።»



ዛሬ ጠዋት ፋይሉን ከፈትኩት። ሰርቨሩ ላይ ያለው የኅዳር ቅጂ ነው። የገብሱ ማሳ አለ፣ የጎረቤቶቹም ቤት አለ፤ የእኛ ቤት ግን ጣሪያ የለውም። ከዚያ ወዲህ የሠራው ሁሉ ከላፕቶፑ ጋር ገደል ገብቷል። የሄደ ዕለት ጠዋት፣ «አባባ፣ ጣሪያው ግማሽ ደርሷል፤ እንዳለ ልላከው?» ብሎኝ ነበር። «ያላለቀ ሥራ እኔ ሰርቨር ውስጥ አይገባም፤ ጨርሰህ አምጣ» አልኩት። «የእርስዎስ ሰርቨር ከመቅደስ ባሰ!» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ይህን ለእናትሽ አልነገርኳትም።

ጣሪያውን አንቺ ሥሪው። የሣር ክዳን ነው፤ ቆርቆሮ እንዳታደርጊበት። ከእንግዲህ የሠራሽውን በየቀኑ ላኪ፤ ግማሽም ቢሆን፣ የተበላሸም ቢሆን። እቀበላለሁ።

መንገድ በወጣሽ ቁጥር እመብርሃን ትቅደምሽ።

አባትሽ ፀጋው