እየሄደች ሞተሯ ሲጠፋ

ወንድምዓለም፣ እንዴት ሰነበትክ? እማዬ «የሄድክበት ይመችህ፣ አፈሩ ይቅለልህ» ብላሃለች። እኛ ደህና ነን፤ ትንሽ ደክሞናል።

ድመቷ ወልዳለች። አጎታችን ለቅሶው ላይ «ፍጥነት ገደለው» ሲል እማዬ፣ «የኔን ልጅ? ኤሊ ከኋላው ጥሩንባ የምትነፋበትን?» አለችው። ሰው ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ያቺ ኤስዩቪ መኪናህ እየሄደች ሞተሯ እንደሚጠፋ አጎታችን አያውቅም። የሸጡልህ ሰዎች ጋራዥ ደጋግመህ ብትወስዳትም «ምንም የለባትም፣ ነዳጅ ቀይር» እያሉ መለሱህ። በመጨረሻ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሯ ጠፋ፤ መሪው ደረቀ፣ ፍሬኑም እምቢ አለ።

እማዬ እንቅልፍ አጥታለች። ካገኘች በሕልሟ ብቅ በልላት፣ አደራ።

ትናንት እማዬ አክስታችን ዘንድ አደረች፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ይዤ እንደ ልማዴ ደጃፍ ላይ ጥሩንባህን ጠበቅኩ። የተነሳችው ግን የጎረቤታችን የነርሷ መኪና ነበረች፤ ካንተዋ ጋር አንድ ዓይነት ናት። ሮጬ ፊቷ ቆምኩ።

«አንተ ልጅ፣ አበድክ?»

«እትዬ፣ እየነዳሽ ሞተሩ ጠፍቶብሽ ያውቃል?»

«ሁለቴ» አለችኝ፤ «እኔ የተሳሳትኩ መስሎኝ ለባሌም አልነገርኩት።» ከዚያ ቁልፉን ነቀለች።

ከኋላ የተቀመጡትን ሁለት ልጆቿን ይዤ በእግር ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ትንሿ ግማሽ መንገድ ላይ ደከመኝ ብትል አዘልኳት።

«ነገም በእግር ነው?» አለችኝ ጆሮዬ ሥር።

«ነገም» አልኳት።