ሁለት ካርድ የምትይዘዋ

አምቦ፣ ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሲንቄ ባይሳ
ሻርጃ

እትዬ ሲንቄ፣

ወደ ሻርጃ የሚመለሰው ደቻሳ ይህን ፖስታ የሚሰጥሽ ካረዱሽ በኋላ ነው። እንደዚያ ብሎ ምሎልኛል። የኅብረታችሁን ሽማግሌዎች ይዞ፣ ገና ወደ ሥራ ሳትወጪ በጠዋት በርሽን ያንኳኳል፤ ይጸልያሉ፣ ከዚያ ይነግሩሻል፣ አልቅሰሽ ሲወጣልሽ ፖስታውን ከኪሱ ያወጣል። ስለዚህ አባባ እንደሌለ አሁን ታውቂያለሽ። ማክሰኞ ታኅሣሥ 11 አረፈ፤ እጃጂ፣ በገዛ አልጋው ላይ። እማዬ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ አንዳንዴ ሁለት ሰው የሚጠጣው ሻይ ታፈላለች።

ስንት ወረቀት ቀደድኩ መሰለሽ። አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አማርኛ ሲያስተምር፣ የሰው ልጆች ደብዳቤ በቀይ ሲያርም ኖሮ፣ የእሱ ልጅ አንድ ደብዳቤ በወጉ መጀመር ያቅተው?

ስለ ካሜራው ልመልስልሽ። አብዷል አትበዪኝ። ሌላው ነገር ሁሉ የተጠቀለለው እሱ ውስጥ ነው።

መስከረም ላይ ከሱቁ መስታወት ፊት ለፊት ቆመሽ የሁለት ካሜራ ፎቶ ላክሽልኝ፤ "የቱን ልግዛልህ? ቶሎ በል፣ እግሬን አመመኝ።" ስቱዲዮ ውስጥ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። ፈዬራን ታስታውሺዋለሽ፣ አሠሪዬን፣ የአፉን ነገር፤ "ኢንጅነር፣ ድልድይ መሥራት ቢያቅትህ ሙሽራ ልታሻግር ነው!" አለኝ። ይበል። በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ የለጠፉትን ማስታወቂያ ሁሉ አንብቤ፣ የተመዘገብኩበትን ሁሉ ተመዝግቤ፣ እስካሁን የጠራኝ የለም። በዚህ መሀል ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። ስቱዲዮ የሚመጣው ለቀስተኛ ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? የሟቹን መታወቂያ። ከካቺሲ ድረስ በአይሱዙ ተጭነው ይመጡና "ይቺን አሳድጉልን፣ ሌላ ፎቶ የለውም" ይላሉ። አገጩ ላይ የቀበሌ ማኅተም ያረፈበት ጉርድ ፎቶ። ፈዬራ ማኅተሙን በኮምፒውተር ሲፍቅ አገጩም አብሮ ይጠፋል፤ እኛም ከሌላ ሰው አገጭ እንቀጥልለታለን። ስንት ሰው በባዕድ አገጭ ተለቀሰለት! እኔም አልኩ፦ የራሴ ካሜራ ቢኖረኝ ከካቺሲ እስከ እጃጂ እየዞርኩ ሽማግሌዎቹን በሕይወት እያሉ እቀርጻለሁ፣ ሲናገሩ፣ ሲመርቁ። ለአባባ ነገርኩት። "ሳንሞት ነው ወይስ ስንሞት የምትመጣው?" ብሎ ሳቀብኝ። ያኔ ድምፁ መሻከር ጀምሮ ነበር።

ያላወቅሽው ይህንን ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ጉሮሮውን ታሞ ነበር። ሐኪሙ ለእኔና ለእማዬ ብቻ፣ ቀድሞ የሚሄደው ድምፁ ነው አለን። ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ተባለና አንቺ እንዳትሰሚ ተወሰነ። ደግሞም ድሮም ስልክ አያነሳልሽም ነበርና መደበቁ ቀላል ሆነልን። "አባባስ?" ስትዪ "ካቺሲ ለቅሶ ሄዷል" እንልሽ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእማዬ በኩል "ሰላም ናት?" ብቻ ሲል የኖረ ሰው፣ ካቺሲ ቢሄድ ምን ይገርማል።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ጠራኝና "ያንን መሣሪያህን አምጣ። ለሲንቄ የምለው አለኝ" አለ።

ደስ አለኝ፤ ግን በምን መሰለሽ፣ በካሜራው። የመረጥሽልኝን ሁለቱን አንድ ላይ የምሞክርበት ቀን አገኘሁ ብዬ። ከሁለቱ ትንሿን የመሰለች ፈዬራ ጋ አለች። ትልቋን ሞቲ፣ ዶርም አብሮኝ የነበረው፣ ለሰርግ ሥራው ገዝቶ ነበርና ለአንድ ሰዓት አዋሰኝ። እሑድ ኅዳር 4 እጃጂ ሁለቱንም መቆሚያ ላይ አድርጌ ጓዳው በር ፊት ደረደርኳቸው። አባባ ኮቱን ለብሶ፣ ከረባቱን ራሱ አስሮ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ።

ሁለቱም ሚረርለስ የሚባሉት ናቸው፣ ውስጣቸው መስታወት የሌለባቸው፤ የምታዪው እንደሚቀረጸው ሆኖ ነው። ትንሿ ቀላል ናት፣ አዲስ ናት፣ ስክሪኗ ወደ ፊት ይገለበጣል። ከሁሉ በላይ ዓይን ታውቃለች፤ ሰው ፊቷ እንደተቀመጠ አረንጓዴ ሳጥን ዓይኑ ላይ ትጥልና ዞር ቢል፣ ቢያጎነብስ አትለቀውም። ትልቋ ሞዴሏ አሮጌ ነው፣ ከብዳለች፣ ዓይን ለመያዝ ትንሽ ታመነታለች። ግን የእጅን መንቀጥቀጥ ታስታግሳለች፣ ጨለማ ቤት ውስጥ ትሻላለች፣ ባትሪዋም ይቆያል። ሁለት ሜሞሪ ካርድ ትይዛለች፤ አንዱን ነገር ሁለቱም ላይ እኩል ትጽፋለች። ይህን የመጨረሻውን ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ማን ሁለት ጊዜ ያያል ብዬ።

በትልቋ አጭር ሙከራ ቀረጽኩ። ወዲያው ሞቲ ባጃጅ አስቁሞ ከበር "ለሊሳ! ሰርጉ ሊያልፈኝ ነው!" እያለ ጮኸና ይዟት ሄደ። ግድ አልሰጠኝም። ትንሿ አሸንፋ ነበርና በእሷ ጀመርኩ።

አባባ ሃያ ደቂቃ ተናገረ፣ በኦሮምኛ። እትዬ፣ እኔ እዚያው ቆሜ አልሰማሁትም። አረንጓዴዋን ሳጥን ነበር የማየው። የግራ ዓይኑን ይዛለች፣ አልለቀቀችም፣ ሲያስለው እንኳ አልለቀቀችም። ባትሪው ስንት እንደቀረ ዛሬም ልነግርሽ እችላለሁ። "ሲንቄ ኮ"፣ ሲንቄዬ፣ ብሎ ስምሽን እንደጠራ አውቃለሁ። ስለ በሩም ተናገረ፤ ወደ ሻርጃ ስትሄጂ "በዚህ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ አትግቢበት" ስላለሽ በር። ስለ እሱ ምን እንዳለ ግን ነገ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ አልኩ። ሲጨርስ እጁን አንሥቶ መረቀ። ያለቅስ ነበር። እኔም በልቤ "ፎከሱ አልሳተም" እያልኩ ነበር።

"እኔ እያለሁ አትላክላት፣ ፊቴን አይታ ታውቅብናለች" አለኝ። እሺ አልኩ። አንቺን ግን ወዲያው "ትንሿን ግዢ" አልኩሽ።

ሰኞ ወደ ኮምፒውተር አልገለበጥኩትም፤ ተማሪዎች ለጉርድ ፎቶ ተሰልፈው ነበር። ማክሰኞም ነገ አልኩ። ቅዳሜ እጃጂ ሰርግ ነበረን። ፈዬራ ግድግዳው ላይ "ካርድ ሳታጸዳ ሰርግ አትውጣ" ብሎ ለጥፏል፤ ጠዋት ካሜራ የሚያነሣ ሰው መጀመሪያ ካርዱን ፎርማት ያደርጋል፣ ያለበትን ሁሉ ያጠፋል። እኔም ሚኒባሱ እየጠበቀን፣ እጄ እንደለመደው፣ ሁለት ቁልፍ ተጫንኩ።

የታወሰኝ ሰርጉ መሀል ነው። የሙሽራዋ አባት ሊመርቁ ተነሡ። እጃቸውን ሲያነሡ የአባባን እጅ አየሁ።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልተናገርኩም። ፎርማት የተደረገ ካርድ ወዲያው ቢወጣ የነበረው ሊመለስ ይችላል። የሚገድለው በላዩ ላይ ሌላ መቅረጽ ነው። ይህን አውቃለሁ። ካርዱን መዝዤ ኪሴ ብከተው ኖሮ አባባ ሊተርፍ ይችል ነበር። ግን ሌላ ካርድ አልያዝኩም፣ ሰርጉም የሰው ሰርግ ነው። ፈዬራ ከወዲያ ማዶ "ኢንጅነር! ምን ያፈዝሃል፣ ኬኩ ሊቆረስ ነው!" አለኝ። ቀረጽኩ፣ እትዬ። ኬኩን ቀረጽኩ፣ ጭፈራውን ቀረጽኩ፣ የሚዜዎቹን ጫማ ሳይቀር ቀረጽኩ። ቤታችን ከድንኳኑ በእግር አሥር ደቂቃ አይሆንም፤ አባባ እዚያ ተኝቶ ዘፈኑን ይሰማል፣ እኔ በላዩ ላይ ሰው አስጨፍራለሁ።

በነጋታው ፈዬራ በሶፍትዌር ቆፈረው። ያገኘው ሚዜዎቹን ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰደበኝ፤ የማን ቪዲዮ እንደነበር ስነግረው ተነሥቶ ወጣና እስኪመሽ አልተመለሰም።

እንደገና ልቅረጽህ ልለው እጃጂ ሄድኩ። ድምፁ ሄዷል። ትንፋሽ ብቻ። ደብተር አንሥቶ "ያልኩትን አስቀመጥከው?" ብሎ ጻፈልኝ። እኔም ከሥሩ "አዎ" ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ "አዎ" ካልኩት ቀጥሎ አራት ነጥብ አኖረበት። ከዚያ ፈገግ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ወረቀቱ እኔ ዘንድ አለ።

አንቺን "ቆይ፣ ትንሿን አትግዢ" ያልኩሽ ያን ሰሞን ነው። "ምን ጉድለት አገኘህባት?" ብለሽ ስንት ጊዜ ጠየቅሽኝ። ምንም ጉድለት የለባትም። የታዘዘችውን አደረገች።

እዚህ ያሉት ሽማግሌዎች ስለ ቪዲዮው እንዳልነግርሽ መክረውኛል። "የማታውቀውን ለምን ታለቅስበታለች?" አሉኝ። እኔ ግን መደበቅ ሰለቸኝ። ሕመሙን ባንደብቅሽ ኖሮ ያን እሑድ በስልክ ትሰሚው ነበር፤ እኔም የምሳሳትበት ካርድ አይኖርም ነበር። አንድ ቀን "አባባ ይመርቀኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም" ያልሽኝን አልረሳሁም። መርቆሻል። አይቻለሁ። ቃሉን ግን አላውቀውም፤ ስለ በሩ ያለውንም አላውቀውም። እዚያ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

መልሴ ይኸውልሽ፦ ትልቋ። ብትከብድም፣ ብታመነታም፣ አሮጌ ብትሆንም። ሁለቱ ካርዶቿ ለየብቻቸው ነው ፎርማት የሚደረጉት፤ አንዱ በስህተት ቢጠፋ ሌላው ይቀራል። ጊንደበረት ማዶ ጠብቀን ያሉኝ ሽማግሌዎች አሉ፤ ከፋሲካ በፊት ልሄድ አስባለሁ፣ እየሰማሁ ልቀርጻቸው። ይህን አንብበሽ ካስቀየምኩሽ ግን አትግዢልኝ። ዳግመኛም አልጠይቅሽም።

ደብዳቤ በምርቃት ይዘጋል። ታናሽ ታላቁን አይመርቅም፤ የሚመርቀን ደግሞ ካርድ ላይ ቀረ። ስለዚህ ሳልመርቅሽ ዘጋሁት። ልብሽ ሲችል አንቺ መርቂኝ፣ ከእንግዲህ ታላቅ አንቺ ነሽ።

ወንድምሽ
ለሊሳ ባይሳ

በዚያ እሑድ በትልቋ የቀረጽኩትን ሙከራ ሞቲ ሳያጠፋው አስቀምጦልኝ ነበር። ሁለቱም ካርድ ላይ አለ። አንዱን እኔ ያዝኩ፣ ሌላው እዚህ ወረቀት ውስጥ ተጠቅልሎልሻል። አሥራ አራት ሴኮንድ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ከረባቱን ይነካካል። ድምፁን ከፍ አድርጊው፤ እንዲህ ነው የሚለው፦

"አሁን ሲንቄ ታየኛለች?"

"ገና ነው አባባ፣ ቆይ።"

"ልናገር?"

"ቆይ እንጂ አባባ!"

"ቆየሁ እኮ።"