ጥያቄውን ማን ዘጋው?

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ብርዱ እስክሪብቶ አያስይዝም። በሹራቡ ላይ ነጠላ ደርቤ ቢሮ ገባሁ።

አቶ ወልደአረጋይ አስጠሩኝ። የአይቲ ክፍሉ ኃላፊ፣ የእኔ አለቃ። አዲስ ሥራ ሰጡኝ። በሆስፒታሉ ውስጥ ዕቃ ሲበላሽ፣ ኮምፒውተርም ይሁን የሕክምና መሣሪያ፣ ሠራተኛው የጥገና ጥያቄ የሚልክበት ሲስተም ይሠራ ተብሏል። ዳታቤዙን የምነድፈው እኔ። እስካሁን ሁሉም በስልክ ነው። የደወለው “ተናግሬያለሁ” ይላል። የተደወለለት “አልሰማሁም”።

“ኅዳር ላይ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ። ቆንጆ ሪፖርት እፈልጋለሁ” አሉኝ።

ውሌ የሚያበቃው ኅዳር መጨረሻ ነው። እሳቸው አላነሱትም። እኔም አላነሳሁም።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

ሳልጠይቅ መንደፍ አልወድም። የሕክምና መሣሪያ ጠጋኙ ባየው ጋ ሄድኩ። ጥያቄ ሲመጣልህ ከዚያ ምን ይሆናል? አልኩት።

“አንዳንዱን ያኔውኑ እጨርሰዋለሁ። አንዳንዱ መለዋወጫ ይጠብቃል። አንዳንዱ ደግሞ ሠራሁት ብዬ ዞር ስል ይቆማል።”

ከዚያ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል። ሲስተር ደመቀች፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ቆመው ነው ያናገሩኝ። “ብዙ አልፈልግም ልጄ። ተሠርቷል የምለው እኔ ልሁን። የሚሞቅ የሚቀዘቅዘውን የማየው እኔ ነኝ።”

ወረቀት ላይ ሦስት ሠንጠረዥ ሣልኩ። ጥያቄ፣ ዕቃ፣ ባለሙያ። በመስመር አገናኘኋቸው። ትንሽ አየሁትና አራተኛ ጨመርኩ... ለውጥ። አንድ ጥያቄ በተከፈተ፣ በተላለፈ፣ በተዘጋ ቁጥር አንድ መስመር ይጻፋል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን። የተጻፈው አይሰረዝም።

ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ካለኝ ቆየ።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

አቶ ወልደአረጋይ ንድፉን አዩት። ጣታቸው አራተኛው ሣጥን ላይ ቆመ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

አስረዳሁ።

“ሰው ከሰው ማጣያ ነው። አውጪው። ‘ሁኔታ’ የሚል አንድ ዓምድ ይበቃል። ክፍት ወይም ዝግ፣ በቃ።”

ያለሱ ማን እንደዘጋው አይታወቅም አልኳቸው። “የቡድን ሥራ ነው፣ ማን ዘጋው የሚባል ነገር የለም” አሉ። የሚዘጋውስ ጠያቂው ይሁን? አልኩ። እሱንም እምቢ።

አወጣሁት። አሁን ዓምዱ ላይ አዲስ ሲጻፍ የድሮው ይጠፋል። ምን ላድርግ... አለቃ ናቸው።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ሙከራ ጀመርን። ጥያቄው ጎረፈ። ሰው የሚልክበት አጥቶ ነበር ማለት ነው?

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

አቶ ወልደአረጋይ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። ከዚህ በፊት አድርገውት አያውቁም።

“ማክሰኞ እንግዶቹ ይመጣሉ። የቆዩትን ጥያቄዎች በሙሉ ዝጊያቸው።”

“ያልተሠሩ አሉ እኮ።”

“በኋላ ትከፍቻቸዋለሽ። ይሄን ሁሉ ክፍት አይተው ምን ይሉኛል? ከላይ ሆነው የሚጨቀጭቁት እኔን ነው፣ አንቺን አይደለም።”

እውነታቸውን ነው፣ ይጨቀጭቋቸዋል። ሰሞኑን ፊታቸው ከስቷል። ግን “አልችልም” አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር።

“እሺ” ብለው ሄዱ። እሺ ማለት ምን ማለት ነው?

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ለመጻፍ የተቀመጥኩት አሁን ነው፣ ከመሸ።

ጨቅላ ሕፃናት ክፍል አንድ ማሞቂያ አለ። መሥራት ይጀምርና መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ሲስተር ጥያቄ ልከው ነበር። ባየውም አይቶት፣ መለዋወጫ እስኪመጣ እንዳትጠቀሙበት ብሎ ለጥገና አንኮበር ሄደ። ትናንት እሑድ ተረኛዋ ነርስ ሲስተሙን ብታይ “ዝግ፣ ተሠርቷል” ይላል። አመነችው። ሰካችው። ከአሊዩ አምባ የመጣች እናት ያለ ጊዜው የወለደችውን ልጅ አስተኛችበት።

ማሞቂያው ቆመ። ልጁ ቀዘቀዘ። ሲስተር ደመቀች ለፈረቃ ሲገቡ እግሩን ነክተው ነው ያወቁት። ከእናቱ ደረት ጋር አጣብቀው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እስኪሞቅ ከአጠገቧ አልተነሡም።

ተርፏል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፏል።

ሲስተሙን ከፈትኩ። ከማሞቂያው ሌላም... አንድ ክፍት ጥያቄ የለም። ሁሉም ዝግ። የጥበቃ ሠራተኛው “ቅዳሜ አቶ ወልደአረጋይ ብቻቸውን ገብተው ነበር” አለኝ። መልሼ ልክፈታቸው ብል የትኛው በእርግጥ ተሠርቶ፣ የትኛው ሳይሠራ እንደተዘጋ አልለይም። የድሮው ጠፍቷል። ቀኑን ሙሉ ክፍል ለክፍል ዞሬ እየጠየቅኩ ከፈትኩ።

ጥያቄው ላይ ያለው የባለሙያ ስም የባየው ነው። ስለዚህ ዘጊው ባየው ነው ተባለ። ረቡዕ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ከሥራ ሊያግዱት ይችላሉ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

እንግዶቹ መጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሄዱ።

ባየው በር ላይ ጠበቀኝ። “አንቺ ነሽ የሠራሽው። ማን እንደዘጋው አሳዪያቸው።”

“አያሳይም።”

“እንዴት አያሳይም?”

ብዙ ቆሞ አየኝና ሄደ። ዝጊ መባሌን ጠርቼው ልነግረው አሰብኩ... አልነገርኩትም።

ከሰዓት አቶ ወልደአረጋይ ኮሪደር ላይ አገኙኝ። “ውልሽን ልፈርም ነው። ነገ ከጠየቁሽ ሲስተሙ ማን እንደዘጋው አያሳይም በይ። እውነት ነው አይደል?”

እውነት ነው። እንድዋሽ እንኳ አልጠየቁኝም።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ሰብሳቢው ዶክተር ሠረቀብርሃን ነበሩ። ባየው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ እጁን ጉልበቱ መሀል ከቶ። “ሲስተሙ ማን እንደዘጋው ያሳያል?” ብለው ጠየቁኝ።

“አያሳይም” አልኩ። አቶ ወልደአረጋይ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ።

“ግን እኔ የማውቀው አለ። ሐሙስ ዕለት የቆዩትን ሁሉ ዝጊ ተብዬ ነበር። አልችልም አልኩ። ሰኞ ስገባ የማሞቂያው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ተዘግቶ አገኘሁት። ባየው የሌላውን ክፍል ጥያቄ የሚዘጋበት መብት የለውም። ያ መብት ያለን ሁለት ሰዎች ነን።”

“ሁለተኛው ማነው?”

ስማቸውን ጠራሁ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ይክዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልካዱም። መነጽራቸውን አወለቁ። “የሕፃናቱ ማሞቂያ ውስጡ እንዳለበት አላየሁም” አሉ። “ቀኑን ብቻ ነው ያየሁት።”

ሲስተር ደመቀች ከወዲያ ማዶ “ልጁንም አላዩትም” አሉ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሚካኤል። ሄድኩ። ብዙ አልጸለይኩም፣ ቆሜ ብቻ መጣሁ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ባየው ነፃ ወጣ። አቶ ወልደአረጋይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ከቦታቸው አልተነሡም። እኔን ግን ሰላም አይሉኝም።

አራተኛው ሠንጠረዥ ይመለስ ተብሏል። የሚዘጋውም የጠየቀው ክፍል ብቻ። ባየው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። “ያን ቀን በር ላይ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?” አለ። ፈርቼ ነው አልኩት። “እኔም ፈርቼ ነበር” አለ። ከዚያ ሥራ ጀመርን።

ኅዳር 30፣ ሰኞ

ውሌ አልታደሰም። “በጀት የለም” ይላል ደብዳቤው።

ለአቶ ወልደአረጋይ ሥራውን አስረከብኩ። እያንዳንዱን ሠንጠረዥ አስረዳኋቸው። አራተኛው ላይ ስንደርስ “እኔስ መሰረዝ እችላለሁ?” አሉ።

“አይችሉም።”

“አንቺስ?”

“እኔም አልችልም።”

ራሳቸውን ነቅንቀው ፈረሙ። ስወጣ “ደህና ሁኚ፣ ማስተዋል” አሉኝ። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ በስሜ ሲጠሩኝ መጀመሪያቸው ነው። ደህና ይሁኑ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። ጫጫ ከተማ አንድ የግል ክሊኒክ ሰው ይፈልጋል አሉ፤ ሰኞ ሄጄ አያለሁ።

ከምሳ በኋላ ባየው ደወለ። የማሞቂያው መለዋወጫ መጥቶለት ገጥሞታል። ሲስተር ደመቀች ግን አልዘጉለትም። “አልሞቀም” ብለው መለሱበት። እንደገና ሠራው። እንደገና መለሱበት።

“ሁለቴ፣ ማስተዋል። በአንድ ቀን ሁለቴ። ስሜ እዚያ ላይ ተደርድሮልሻል።”

“ታዲያ ምን አደረግክ?”

“ምን አደርጋለሁ? መፍቻዬን ይዤ ተመለስኩ። አጠገቡ ሆኜ ነው የምደውልልሽ። ቆይ... ሲስተር እጃቸውን ከተውበታል።”

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ አብሬው ጠበቅኩ።